እስቲ ድዱን አሳዩኝ

በድሬዳዋ ለውሻና ድመት አሳዳጊዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ፣ የድሬ ልጆች! ከሐረር የመጣችሁ እንግዶቻችንም እንኳን ደህና መጣችሁ። የቀትር እንቅልፋችሁን አቋርጣችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ድሬ ላይ በዚህ ሰዓት ሰው መቀስቀስ ነውር ነው። ስለዚህ አላስረዝምም። ቬንቲሌተሩ ወደ እናንተ ይዙር፣ እኔ ለምጄዋለሁ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የተማርኩት እዚሁ ጎረቤታችን ሐረማያ ነው። ተማሪ ሳለሁ እጄ ላይ የሚወድቀው በብዛት ላም፣ ግመልና ፍየል ነበር። ዛሬ ግን ማታ ማታ ስልኬን የሚያስጮኸው ድመት ነው። ቴሌግራም ስከፍት ፎቶ፣ ድምፅ፣ ቪድዮ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። «ዶክተር፣ ውሮ አልበላ አለች።» «ዶክተር፣ ቦቢ አስመለሰው።» አንዷማ የውሻዋን ጀርባ ፎቶ አንስታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ላከችልኝ። ምንም ቃል የለም። እኔም በጥያቄ ምልክት መለስኩላት።

የመጣሁት ስለዚህ ስልክ ላወራችሁ ነው።

ከሳቢያን አንዲት እናት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። «ልጄ፣ ድመቴን ድርቀት ይዞታል መሰለኝ። አሸዋው ላይ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይነሳል፣ ምንም የለም። ዘይት ላጠጣው?»

«እማማ፣ ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

«ዛሬ ሸንቷል?»

ትንሽ ቆዩ። ሄደው አይተው ተመለሱ። «አሸዋው ደረቅ ነው» አሉኝ።

ዘይቱን ይተዉትና ባጃጅ ይጥሩ አልኳቸው። የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ በጣም ቀጭን ነው። ትንሽ ደቃቅ ጠጠር ይበቃዋል፣ ይደፈናል። ከተደፈነ ፊኛው ይወጠራል፣ በሽንት መውጣት የነበረበት ቆሻሻ ደም ውስጥ ይቀራል፣ ፖታሲየም ይጨምርና ልብ ይቆማል። ይህ ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ያልቃል። እማማ ድመቱን በብስኩት ካርቶን ይዘውት መጡ። ቱቦ አስገባንለት። ዛሬም አለ። እሳቸውም እዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፣ እየሳቁብኝ ነው።

ድመቱን ያዳነው ስልኩ አይደለም። ስልኩ የሠራው አንድ ነገር ነው፦ «ነገ ጠዋት» የነበረውን «አሁኑኑ» አደረገው። እኔ ከኦንላይን ሕክምና የምጠብቀው ይህንን ነው። ሐኪሙ በስክሪን በኩል የሚመልስላችሁ ዋናው ጥያቄ «ምን ይዞታል?» የሚለው አይደለም፤ «ልነሳ ወይስ ልጠብቅ?» የሚለው ነው።

ብዙ ጊዜ መልሱ ጠብቁ ነው። ትልቅ ውሻ አንዴ አስመለሰው፣ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ጭራውን ይቆላል፣ ድመት ያባርራል። ቤት ይቆይ። በዚህ ሙቀት የፈራ እንስሳ ጆንያ ውስጥ ከትቶ ከመጋላ ከዚራ ማመላለስ ራሱ በሽታ ነው። ገንዘቡም አለ። በቪድዮ አይቼ «ማታ እንደገና ጻፉልኝ» ብል ይሻላል።

ያልተከተበ ቡችላ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚያስመልሰው፣ ደም ያለው ተቅማጥ የያዘው፣ የደከመው ቡችላ ፓርቮ የሚባለው ተላላፊ የቫይረስ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። እሱን ይዛችሁ ኑ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን ጻፉልኝ፣ በር ላይ እቀበላችኋለሁ። ቫይረሱ መሬት ላይ ለወራት ይቆያል። ክትባት ሊወስዱ የመጡ ቡችላዎች መሐል ይዛችሁት ከተቀመጣችሁ የሌላውን ሰው ቤት አጠፋችሁ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ላውራ። አንድ ወጣት ስለ ውሻው ጻፈልኝ። ደክሟታል፣ ምግብ ቀንሳለች። ድዷን አሳየኝ አልኩት፣ ፎቶ ላከ። ቀይ ነው። ደህና ናት፣ ሙቀቱ ይሆናል አልኩና ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ይዟት መጣ። ከንፈሯን ገለጥ ሳደርግ ድዷ ወረቀት መስሏል። ፎቶውን ያነሳው ማታ፣ ቀይ መጋረጃ አጠገብ ነበር! ቀለሙ የመጋረጃው ነው። ጆሮዋ ውስጥ መዥገር ሞልቷል። እንደኛ ባለ ሞቃት ቦታ መዥገር ደም ከመምጠጥ አልፎ የደም በሽታ ያስተላልፋል። እጄን አንገቷ ሥር ብሰድ ኖሮ በአንድ ደቂቃ አገኘው ነበር። ስልክ ደግሞ አይዳስስም፣ አያሸትም። ውሻዋ ዳነች፣ እኔ ግን ያቺን ፎቶ እስካሁን አላጠፋኋትም።

ከዚያ በኋላ ፎቶ የምቀበለው በቀን ብርሃን የተነሳ ብቻ ነው። ከፎቶ ደግሞ ቪድዮ እመርጣለሁ። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። እንስሳው ሲራመድ፣ ከዚያ ተኝቶ ሲተነፍስ። ስትቀርጹ አትጥሩት፣ አታጫውቱት። የታመመ ውሻ እንኳ ባለቤቱ ሲጠራው ይነሳል፣ ያታልለኛል።

ትንፋሹን ቁጠሩ። ደረቱ ከፍ ብሎ ሲወርድ አንድ ነው። የተኛ ውሻ ወይም ድመት በደቂቃ ከ30 በታች ነው የሚተነፍሰው። ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀጠለ እፈልገዋለሁ። ድሬ ላይ ታዲያ ቀትር ላይ አትቁጠሩ፣ ውሻ ሁሉ ያለከልካል። እንደኛ በላብ አይበርድም፣ ሙቀቱን የሚያወጣው በምላሱና በትንፋሹ ነው። ጎህ ሲቀድ ቁጠሩ። ጥላ ውስጥ ሆኖም ማለክለኩ ካልቆመ፣ ለሃጩ ከወፈረ፣ ከተንገዳገደ፣ ያን ጊዜ ቴሌግራም አትክፈቱ። መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ ከዚያ እያመጣችሁት ደውሉ።

ትኩሳትን በሚመለከት አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሰው ውሻውን ይዳስስና «ይፈጃል፣ ትኩሳት አለው» ይላል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። የድመትም እዚያው አካባቢ ነው። ለኛ ትኩሳት የሆነው ለነሱ ጤና ነው። ስለዚህ ሁሌም ትኩስ ሆኖ ይሰማችኋል። አፍንጫው ደረቀ፣ ረጠበ የሚባለውንም ተዉት። ትኩሳት የሚለካው በቴርሞሜትር፣ በፊንጢጣ ነው። አትሳቁ፣ ከዚህ የበለጠ የሚታመን መንገድ የለውም።

መሳቁን ያስተወኝ የሚከተለው ነው። ይዳስሳል፣ ትኩሳት ነው ይላል፣ መሳቢያ ይከፍታል፣ ፓራሲታሞል ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ለኔ ይጽፋል። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት መፍጨት አይችልም። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ድመት ይገድላል። አይቡፕሮፌንም ለውሻ ጨጓራና ኩላሊት መርዝ ነው። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒትም ድመት ላይ አይቀባም፤ ፐርሜትሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ካለበት ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ከመስጠታችሁ በፊት ጻፉልኝ። ሌሊት ስምንት ሰዓትም ቢሆን አልቆጣም። እሺ፣ ትንሽ እቆጣለሁ፤ ግን እመልሳለሁ።

«በስልክ መድኃኒት ጻፍልኝ» የምትሉኝም አላችሁ። ያልዳሰስኩትን ታማሚ አንቲባዮቲክ አላዝም። ይህ የኔ ድርቅና ብቻ አይደለም። አሜሪካኖቹ በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሕጉን አላልተው ነበር፤ በ2023 እንደገና አጠበቁት። በፌዴራል ሕጋቸው ሐኪም እንስሳውን በአካል ሳያይ፣ ለአንዳንድ መድኃኒቶች ትእዛዝ የሚጠየቀውን የሐኪምና የታካሚ ግንኙነት በቪድዮ ብቻ መሠረትኩ ማለት አይችልም። አንዴ ካየሁት በኋላ ግን ነገሩ ይቀላል። ቁስሉን በየሁለት ቀኑ በፎቶ እከታተላለሁ፣ ለፋሻ ብቻ ብላችሁ አትመላለሱም። ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚሸጥ ቻናል ካጋጠማችሁ ግን «ሐኪም ነህ? የት ነው የምትሠራው?» በሉት። ዝም ካለ በቴሌብር አትላኩለት።

አሁን ስልክ ጨርሶ ወደማይገባበት ነገር ልምጣ። ውሻ፣ ድመት፣ ወይም እንደኛ አገር ጅብ ሰው ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ለኔ አትጻፉ። ሐረሮች፣ ጅብ የማብላቱን ነገር አልነቅፍም፣ እኔም ልጅ ሆኜ በእንጨት ሥጋ ይዤ ቆሜ ፈርቼ ሮጫለሁ። ግን ጥርስ ጥርስ ነው። ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት። በሰዓት ያዙት፣ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሰው ጤና ተቋም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ፓስተር ክትባቱን ለሰው የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ገደማ ሰው ይሞታል ብሎ ይገምታል። ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፣ ሃይማኖት አልነካም። መጀመሪያ ግን ክትባቱ።

የነከሰውን ውሻ ደግሞ ቸኩላችሁ አትግደሉት። ታስሮ 10 ቀን መታየት አለበት። እዚህ ላይ ስልካችሁን እንደገና አውጡ። ርቃችሁ በየቀኑ ቪድዮ ላኩልኝ፣ እከታተለዋለሁ። የሰውየው ክትባት ግን የውሻውን 10 ቀን አይጠብቅም። ቡችላ ያላችሁም ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡት፣ ከዚያ በየዓመቱ። መርፌ በቴሌግራም አይላክም።

ብዙ አወራሁ። ከኋላ በር አጠገብ የተኛውን ቡናማ ውሻ ከመጀመሪያው ጀምሮ እያየሁት ነው። የማን ነው? ወንድሜ፣ እስቲ ወደ ፊት ይዘኸው ና። ይናከሳል? ጥሩ፣ አንተው ያዘው። እናንተ ስልካችሁን አውጡና ቅረጹ፣ መስኮቱን ክፈቱልን፣ ብርሃን ይግባ። ከንፈሩን እንዲህ ገለጥ። ድዱ ጥቁር ከሆነ አትጨነቁ፣ አንዳንዱ ተፈጥሮው ነው፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋችሁ ውስጡን ታያላችሁ። የዚህ ሮዝ ነው። አሁን በጣትህ ጫን አድርግና ልቀቅ። ነጭ ሆነ፣ አያችሁ? በሁለት ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። አንድ... ተመለሰ። በሉ እማማ፣ የእርስዎ ተራ ነው፣ ይምጡ።