በሌሊት የተጫነው ቡድን

ውድ የስፖርት ቤተሰቦች፣ እንደምን አመሻችሁ?

አንድ ሌሊት ላስታውሳችሁና ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፣ እንዳታምታቱብኝ።

1984፣ ማርች 28። አገሩ አሜሪካ፣ ከተማው ባልቲሞር። ብርድ ነው፣ በረዶ ይጥላል። የኮልትስ ቡድን ልምምድ የሚሠራበት ግቢ ውስጥ 15 የቤት ዕቃ ማጓጓዣ መኪኖች ተደርድረዋል። ሠራተኞቹ ማልያውን፣ ሄልሜቱን፣ የጂም ብረቱን፣ የቢሮውን ጠረጴዛ ሳይቀር እያወጡ ይጭናሉ። ሲጨርሱ መኪኖቹ በአንድ መንገድ አልሄዱም። ፖሊስ እንዳያስቆማቸው ተበታትነው ወጡ። ከተማው ሲነቃ ቡድኑ የለም። ኢንዲያናፖሊስ ገብቷል።

ለምን በሌሊት? የሜሪላንድ ግዛት ምክር ቤት ቡድኑን በሕግ ለመውሰድ እየመከረ ነበር። መንግሥት መንገድ ሊሠራ ሲል ካሳ ከፍሎ ቤት እንደሚያነሳው ማለት ነው። የቡድኑ ባለቤት ሮበርት ኢርሴይ ይህን ሲሰማ አላመነታም፣ አስጫነ። ሕጉ ተፈርሞ ሲያበቃ መኪኖቹ ከግዛቱ ወጥተዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይሄ ነው።

ዛሬ የማወራው ስለ እነዚህ መኪኖች ነው። የምናገረው በአብዛኛው ስለ አሜሪካን ፉትቦል ነው፣ ሞላላዋ ኳስ ስላለችበት። የእኛዋ ክብ ኳስ ላይም እደርሳለሁ።

ቡድን ከተማ ለቀቀ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ግምት አንድ ነው፤ «ደጋፊ አጥቶ ይሆናል!» እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ነገሩን ገባ ብዬ ሳየው ግን ስታዲየም ጢም እያለ የተሄደባቸው ከተሞች አሉ። መልሱ ያለው ሂሳብ ደብተሩ ላይ ነው።

በአሜሪካው ሊግ 32 ቡድኖች አሉ። የብሔራዊ ቴሌቪዥን ገንዘቡ ለ32ቱም እኩል ይካፈላል። በ2023 የጀመረው ውል ለ11 ዓመት ወደ 110 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ተብሏል። ኒውዮርክም ይሁን ትንሽ ከተማ፣ ድርሻው አንድ ነው። ከትኬት ገቢም የተወሰነው ለእንግዳ ቡድኖች ይጋራል። ታዲያ አንዱ ባለቤት ከሌላው በምን ይበልጣል? ከማይካፈለው ነዋ! መስታወት የተገጠመላቸው የቪአይፒ ክፍሎች ኪራይ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ ስታዲየሙ ላይ የሚለጠፈው የድርጅት ስም። ይህ ገንዘብ ከቤት አይወጣም። አሮጌ ስታዲየም ደግሞ ይህ ሁሉ የለውም። 70 ሺህ ሰው እየጮኸ ቢሞላው እንኳ፣ ለባለቤቱ 100 የቪአይፒ ክፍል ያለው አዲስ ስታዲየም ይሻለዋል።

ስለዚህ ባለቤቱ ከንቲባው ዘንድ ይሄዳል። «አዲስ ስታዲየም ሥሩልኝ።» ከንቲባው ገንዘብ የለንም ካለ፣ ባለቤቱ በመስኮት ወደ ሌላ ከተማ ያያል። ብዙውን ጊዜ ማየቱ ብቻ ይበቃል።

ለረጅም ጊዜ የሚታየው ከተማ ሎስ አንጀለስ ነበር። በ1995 ሁለቱም ቡድኖቹ፣ ራምስ ወደ ሴንት ሉዊስ፣ ሬይደርስ ወደ ኦክላንድ፣ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያ ግዙፍ ከተማ 21 የውድድር ዘመን ያለ ቡድን ቀረ። ሊጉ አንድ ቡድን እዚያ ማቋቋም አቅቶት ነው? አይመስለኝም። ባዶ የሆነ ትልቅ ከተማ ለ32ቱ ባለቤቶች ዱላ ነው። «ካልሠራችሁልኝ ሎስ አንጀለስ እሄዳለሁ» ለማለት ሎስ አንጀለስ ባዶ መሆን አለበት።

አሁን ሴንት ሉዊስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ውሉ ጉድ ነውና። ከተማው ራምስን ለማምጣት ጣሪያ ያለው ስታዲየም በሕዝብ ገንዘብ ሠራ። ጥሩ። የኪራይ ውሉ ውስጥ ግን አንድ አንቀጽ ገባች። ስታዲየሙ በ2005 እና በ2015 ሲለካ፣ በሊጉ ካሉት ስታዲየሞች ከምርጦቹ ሩብ ውስጥ መገኘት አለበት ትላለች። ካልተገኘ ቡድኑ ከረጅሙ ውል ነፃ ነው። እስቲ አስቡት፣ ቤታችሁን ያከራያችሁት ሰው «በየ10 ዓመቱ ቤቱ ከሰፈሩ ምርጥ ቤቶች አንዱ ካልሆነ እለቃለሁ፣ ማሳመሪያውም በናንተ ወጪ ነው» ቢላችሁ ትፈርማላችሁ? ሴንት ሉዊስ ፈረመ። ቡድን እንዲመጣለት ጓጉቶ ነበር።

ጎረቤቶቹ ሁሉ አዳዲስ ስታዲየም እየሠሩ ይሄ አረጀ። ገላጋይ ዳኞች ለቡድኑ ፈረዱ። ከተማው ማደሻውን አልከፍልም አለ። ውሉ በየዓመቱ የሚታደስ ሆነና በጃንዋሪ 2016 ባለቤቶቹ ተሰብስበው 30 ለ2 ድምፅ ሰጡ፤ ራምስ ወደ ሎስ አንጀለስ ተመለሰ። የስታዲየሙ ዕዳ ግን ሴንት ሉዊስ ቀረ። ተጫዋች የሌለበትን ሜዳ ዕዳ መክፈል ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከተማው ከሰሰ፤ በ2021 ሊጉና የራምስ ባለቤት ስታን ክሮንኬ 790 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ። ደጋፊው ግን በዚያ ገንዘብ የእሁድ ከሰዓቱን አላስመለሰም።

ለባለቤቶቹም ፍትሐዊ ልሁን። አንዳንዱ ስታዲየም በእውነት አይረባም። ኦክላንድ ውስጥ የፍሳሽ ቱቦ ሞልቶ የተጫዋቾች መልበሻ ክፍል የገባበት ጊዜ ነበር። ኔቫዳ ግዛት ከሆቴል እንግዶች በሚሰበሰብ ግብር 750 ሚሊዮን ዶላር አወጣና ሬይደርስን በ2020 ላስ ቬጋስ አስገባ። ለቡድኑ ያዋጣል። ለከተማ ያዋጣል ወይ ለሚለው፣ የስታዲየም ጉዳይ ያጠኑ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አብዛኞቹ የሚሉት ተመሳሳይ ነው፤ የሕዝቡ ገንዘብ አይመለስም። ሳን ዲዬጎ ይህንን በድምፅ መለሰ። በ2016 ሕዝቡ ለስታዲየም የታሰበውን ግብር ውድቅ አደረገ። የከተማው ቡድን ቻርጀርስ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ መሄዱን አሳወቀ።

ከሁሉም እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ክሊቭላንድ ነው።

የብራውንስ ባለቤት አርት ሞዴል ስታዲየሙን ከከተማው ተከራይቶ ራሱ ያስተዳድር ነበር። የቤዝቦሉን ቡድን ደግሞ እሱ አከራይቶ ያኖር ነበር። ተከራይም አከራይም ማለት ነው። በ1994 የቤዝቦሉ ቡድን ከተማው ወደሠራለት አዲስ ሜዳ ገባ። ሞዴል በአንድ ጊዜ ተከራዩንም ገቢውንም አጣ፣ አሮጌው ሕንፃ ግን በእጁ ቀረ። ዕዳው ከበደው። ኖቬምበር 6 ቀን 1995 ባልቲሞር ላይ መድረክ ወጥቶ «ቡድኔን ይዤ እመጣለሁ» አለ። በማግስቱ፣ ኖቬምበር 7፣ የክሊቭላንድ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ። በመጠጥና በሲጋራ ላይ የተጣለው ግብር ተራዝሞ የብራውንስ ስታዲየም ይታደስ ወይስ አይታደስ? በከፍተኛ ድምፅ ይታደስ አለ። አንድ ቀን ዘግይቶ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 17 የመጨረሻው የሜዳቸው ጨዋታ ነበር። ብራውንስ 26 ለ10 አሸነፈ። ደጋፊው ወንበር እየነቀለ ወደ ሜዳ ወረወረ። ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾች ወደ ትሪቡኑ ሄደው ከሰዉ ጋር ተቃቀፉ። ትልልቅ ሰዎች አለቀሱ።

ክሊቭላንድ ግን አንድ ነገር አስጠበቀ። የቡድኑ ስም፣ ቀለሙና ታሪኩ እዚያው እንዲቀር ሊጉን አስማማ። ሞዴል ተጫዋቾቹን ወስዶ ሬቨንስ የሚባል ቡድን አቋቋመ። በ1999 አዲስ ብራውንስ ተፈጠረ። ሬቨንስ በአምስተኛው የውድድር ዘመኑ ሻምፒዮን ሲሆን የክሊቭላንድ ሰው በቴሌቪዥን ምን ብሎ እንዳየው መገመት አያቅታችሁም።

እንግዲህ ወደ ክቧ ኳስ። በአውሮፓ ይህ ብዙም አይታይም። ምክንያቱም ወደ ታች የሚወርድና ወደ ላይ የሚወጣ ቡድን አለ። አንድ ከተማ ትልቅ ቡድን ካማረው ከታችኛው ዲቪዚዮን ጀምሮ ያሳድጋል እንጂ የሌላውን አይሰርቅም። በእንግሊዝ ግን አንድ ጊዜ ሆነ። የለንደኑ ዊምብልደን፣ በ1988 ሊቨርፑልን 1 ለ0 አሸንፎ የኤፍኤ ዋንጫን የወሰደው፣ በ1991 ሜዳውን ለቆ በክሪስታል ፓላስ ሜዳ ተዳብሎ መጫወት ጀመረ። ያለ ሜዳ 11 ዓመት ከቆየ በኋላ፣ በሜይ 2002 ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን 2 ለ1 በሆነ ድምፅ ወደ ሚልተን ኬንስ እንዲሄድ ፈቀደለት። ከለንደን ውጪ፣ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ!

ደጋፊዎቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ያንኑ ክረምት የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ፣ ኤኤፍሲ ዊምብልደን። ተጫዋች ለመምረጥ መናፈሻ ሜዳ ላይ ማስታወቂያ አውጥተው የመጣውን ሁሉ ፈተሹ። ዘጠነኛ እርከን ላይ ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት አማካይ ተመልካቻቸው ከአሮጌው ክለብ በልጦ ነበር። በ2011 ፕሮፌሽናል ሊግ ገቡ። በ2020 የድሮው ሜዳቸው አጠገብ፣ ያው መንገድ ላይ፣ አዲስ ስታዲየም ሠርተው ተመለሱ። አሜሪካ ውስጥ ይህ አይሠራም። 33ኛ ቡድን ሆናችሁ ከታች የምትመጡበት መሰላል የለም።

አሜሪካ ውስጥ ማንም ሊጭነው የማይችል ቡድን አንድ ነው። ግሪን ቤይ ፓከርስ። ከተማው 100 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነው ያለው። ቡድኑ ከ1923 ጀምሮ የባለአክሲዮኖች ነው፣ ትርፍ አይከፋፈልም። የሚጠራ አንድ ጌታ የለውም። ሊጉ ሌላ ቡድን እንዲህ ዓይነት ባለቤትነት እንዳይኖረው ደንብ ማውጣቱ ነገሩን ሁሉ ይነግራችኋል።

ከመሄዴ በፊት ወደዚያ ሌሊት ልመልሳችሁ። ባልቲሞር ማርሽ ባንድ ነበራት፣ የኮልትስ ባንድ። መኪኖቹ ሁሉንም ጭነው ሲሄዱ የባንዱ ዩኒፎርም አልተጫነም። ላውንደሪ ቤት ታጥቦ እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር። ባንዱም ዩኒፎርሙን ሸሸገና መጫወቱን ቀጠለ። ያለ ቡድን፣ 12 ዓመት። ሰልፍ ላይ፣ በሌሎች ቡድኖች ጨዋታ፣ በተጋበዘበት ሁሉ። በ1996 የክሊቭላንዱ ቡድን ሲመጣ ባንዱ ሜዳ ገባ። ለሁለት ዓመት ያህልም በኮልትስ ባንድ ስም ተጫወተ። ኢንዲያናፖሊስ የወሰደችውን ቡድን ስም ይዞ፣ ከክሊቭላንድ ለተወሰደ ቡድን ከበሮ ይመታ ነበር።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ሰው እጁን ያውጣ።