ብሎኑ የት ይግባ? የተሰበረ መንጋጋ በኮምፒዩተር ሲፈተሽ

[ምስል፦ አዳማ፣ መንገድ ዳር የቆመ የሸንኮራ ጋሪ]

አዳማ ኖሮ የወንጂን ሸንኮራ ያልጋጠ የለም። አንድ አገዳ ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ እጠፉት። ጉልበታችሁን የነካው ወገን ይጨመቃል። ውጭ ያለው ደግሞ ይሳባል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል።

የታችኛው መንጋጋችንም እንዲሁ ነው። በፊት ጥርስ ስንነክስ የላይኛው ጠርዙ ይሳባል፣ የታችኛው ይጨመቃል።

[ምስል፦ መንጋጋ፣ ከጆሮ በታች ባለው ማዕዘን ላይ ስንጥቅ]

አንድ ሰው ከባጃጅ ወድቆ እዚህ ጋ ቢሰበር፣ ሲነክስ ስንጥቁ ከላይ ይከፈታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ማክሲም ሻምፒና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስትራስቡርግ ላይ የተነሡት ከዚህ ነው፦ ስብራቱን የምታያይዝ ቀጭን የብረት ዝርግ (ፕሌት) በሚሳበው መስመር ላይ በብሎን ትታሰር። ብሎኖቿ 2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አላቸው። የውጭውን ጠንካራ ቅርፊት ብቻ ይይዛሉ፤ ጠለቅ ካሉ የጥርስ ሥርና የከንፈር ነርቭ አለ።

ግን በተሰበረው በኩል በኋላ ጥርስ ቆሎ ቢቆረጥምስ? ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል፤ ስንጥቁ ከታች ይከፈታል። አንዷ ፕሌት ትችለዋለች? ይህ በታማሚ ላይ አይሞከርም።

[ምስል፦ መንጋጋው በጥቃቅን መረብ ተሸፍኖ]

ስለዚህ ከሲቲ ስካን ምስሎች መንጋጋው ስክሪን ላይ ይሠራል። ከዚያ እልፍ አእላፍ ቁርጥራጭ ይሆናል። ዘዴው ፋይናይት ኤለመንት ይባላል፤ መነሻው የአውሮፕላን ክንፍ ስሌት ነው። ለየቁራጩ ግትርነቱ ይሰጠዋል፤ ፕሌቷና ብሎኖቿ የሚሠሩበት ብረት፣ ቲታኒየም፣ ከአጥንት ቅርፊት ከ5 እስከ 10 እጥፍ ግትር ነው። ጡንቻው ይጎተታል፣ ጥርሱ ይነክሳል።

[ምስል፦ አንድ ብሎን በቅርበት፣ ዙሪያው ቀይ]

ቀዩን እዩት፤ ጫና የበዛበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ጫናው የሚበረታው ለስንጥቁ ቅርብ በሆነው ብሎን ላይ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ብረቱ አይደለም፤ የያዘው አጥንት ነው። ከአቅሙ በላይ ከተጫነ ይሟሽሽና ብሎኑ ጭቃ ግድግዳ ላይ እንደተመታ ምስማር ይላላል።

ደግሞ የወጣት መንጋጋ ስሌት ጥርሳቸው ላለቀ እናት አይሆንም። የእሳቸው አጥንት ሳስቷል፤ ወፍራም ፕሌት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ለእሳቸው ከራሳቸው ስካን እንደገና መነሣት ነው።

[ምስል፦ ቀዩ ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ ሲወርድ]

አሁን ብሎኑን ሳንነካ የንክሻውን ኃይል ብቻ በግማሽ እንቀንስ። ጫናውም በግማሽ ወረደ። ሐኪሙ «ለሳምንታት አጥሚትና ሾርባ ብቻ፣ ሸንኮራ እንዳትነካ» የሚለው ለዚህ ነው።