ጎጃምን በመኪና ስንዞር ውሃችንን በምን እንያዝ?

ስመኝ፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የዛሬው ጉዳያችን የውሃ መያዣ ነው። ጎጃምን በመኪና ዞሮ ሊያይ፣ ድንኳን ተክሎ ሊያድር የሚነሳ ሰው ስለ ጎማው ይጨነቃል፣ ስለ ናፍጣው ይጨነቃል። የውሃው ነገር ትዝ የሚለው ግን ሊወጣ ሲል ነው።

ይበልጣል፦ ጎጃም ደግሞ ያዘናጋል። ዓባይ ዙሪያውን የከበበው አገር ነው። መነሻው ግሽ ዓባይም እዚሁ ሰከላ ነው። ሰው "ምንጭ በሞላበት አገር ውሃ ምን ያሸክመኛል?" ይላል።

ስመኝ፦ ውሃ መኖሩና የሚጠጣ ውሃ መኖሩ ይለያያል እኮ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ አስበው። ከደጋው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ብርዱ ቀርቶ ወበቁ ይቀበልሃል። ከፊትህ አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ከዘጋ እዚያው ፀሐይ ላይ መቆምህ ነው። ልጆች ይዘህ ከሆነማ!

ይበልጣል፦ ስለዚህ መጀመሪያ መጠኑን እንነጋገር። እኔ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በሰው በቀን 5 ሊትር እይዛለሁ። አራት ሰው ሁለት ቀን ቢቆይ 40 ሊትር ነው። በዚያ ላይ 20 ሊትር መጠባበቂያ። ገላ መታጠቢያ አልቆጠርኩም።

ስመኝ፦ 60 ሊትር ማለት 60 ኪሎ ነው። ሰው የሚረሳው ይህን ነው። መያዣ ስትመርጡ "ስንት ይይዛል?" ከማለታችሁ በፊት "ሞልቶ ማን ያነሳዋል? መኪናው ውስጥስ የት ይቀመጣል?" በሉ። እኔ ለዚህ ነው ባለ 10 ሊትሩን የምመርጠው። እናቴም ታነሳዋለች፣ እኔም በአንድ እጄ አነሳዋለሁ።

ይበልጣል፦ እዚህ ላይ አንስማማም፣ እህቴ። ለኔ ቢጫዋን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያህል የለም። ርካሽ ናት፣ ብትወድቅም ቶሎ አትሰበርም። ክዳኗ ቢጠፋ ቡሬም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ዳንግላም ሌላ ታገኛለህ። ከውጭ የመጣው ውድ መያዣ ክዳኑ ከጠፋ ግን ማን ይተካልሃል?

ስመኝ፦ ይህኛው እውነት ነው። ግን ጀሪካኗ ከዚያ በፊት ምን እንደያዘች ካላወቅህ አትግዛ። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው። የምግብ ዘይት ከነበረ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመህ ታጥበዋለህ። ናፍጣ ከነበረ ግን ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፣ ብታጥበውም አይለቅም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ የፀረ አረምና የፀረ ተባይ ዕቃ ነው። አገራችን የእርሻ አገር ነው፣ ባዶው ዕቃ በየቤቱ አለ።

ይበልጣል፦ ሰው አሽትቶ ይገዛል።

ስመኝ፦ ማሽተት አይበቃም! ሽታው ጠፍቶ መርዙ ሊቀር ይችላል። ከጥርጣሬ ጋር ከምትጠጣ ጥቂት ጨምረህ አዲስ ግዛ። አዲሱንም ገልብጠህ ታቹን እየው። ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 2 ቁጥር ካለ ለውሃ መያዣ የተለመደው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ለምግብ የሚሆን መሆኑን ደግሞ ሻጩን ጠይቅ። ቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት እንጂ ንጽሕናውን አይነግርህም።

ይበልጣል፦ የብረቱስ? ያ ሦስት እጀታ ያለው፣ የጀርመን ጦር ያወጣው ዓይነት? ብዙ ሰው መኪናው ኋላ ላይ ሲያስረው ያምርበታል።

ስመኝ፦ እሱ ለነዳጅ የተሠራ ነው። እጀታው ሦስት የሆነው ሁለት ሰው ተጋግዞ እንዲሸከመው፣ ባዶውን ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ሁለቱን በአንድ እጅ እንዲይዝ ነው። አሠራሩ ግሩም ነው። ውሃ ግን አታስገባበት። የነዳጅና የውሃ ዕቃ ቀለሙም ቦታውም ይለያይ። ማታ በጨለማ ተሳስቶ የሚያነሳ ሰው ይኖራል።

ይበልጣል፦ የሚታጠፈው ለስላሳው ከረጢትስ?

ስመኝ፦ ባዶውን ጠቅልለህ ወንበር ሥር ታስገባዋለህ፣ ለመጠባበቂያ ጥሩ ነው። ዋናው መያዣህ ግን አይሁን። የጠጠር መንገድ ላይ ከመፍቻና ከክሪክ ጋር ሲፋተግ ውሎ ይበሳል።

ይበልጣል፦ ወደ አጫጫኑ እንምጣ፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። እባካችሁ ውሃ ፖርቶ መጋላ ላይ አትጫኑ! 60 ኪሎ ከላይ ሲሆን መኪናው በየኩርባው ያዘነብላል። የዓባይ በረሃ ደግሞ ኩርባ በኩርባ ነው። ውሃ ታች፣ ወለሉ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ይቀመጥ። ከፊት ወንበር ጀርባ ጥሩ ቦታ ነው። ከዚያ በቀበቶ ጥርቅም አድርጎ ማሰር። ድንገት ፍሬን ሲያዝ 20 ኪሎ ወደ ፊት የሚወረወረው ሰው ላይ ነው።

ስመኝ፦ አንዱን ሳትጨርሱም ሌላውን አትክፈቱ። ግማሽ የሆነ ጀሪካን ውስጥ ውሃው ወዲያ ወዲህ ይናጣል፣ ክዳኑም ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ይበልጣል፦ ይኸው፣ አሁን በአንቺ ሐሳብ ተረታሁ። ከአንድ ትልቅ ይልቅ ብዙ ትንንሽ የሚሻለው ለዚህ ነው። አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል። አንዱ ቢበከልም እንደዚያው።

ስመኝ፦ ስለ ብክለት ካነሳህ፣ አፉ ሰፊ ይሁን ጠባብ የሚለውም አለ። ሰፊ አፍ እጅ አስገብቶ ፈትጎ ለማጠብ ይመቻል። ችግሩ ሁሉም ጣሳውን እየነከረ ይቀዳበታል፣ የእጅ ቆሻሻ ይገባል። ጠባብ አፍ ወይም ባለ ቧንቧ ከሆነ ውሃው እጅ አይነካውም። ሰፊ አፍ ያለው ከገዛችሁ አዘንብላችሁ ቅዱ እንጂ አትንከሩ። ባለ ቧንቧውን ስትጭኑ ደግሞ ቧንቧው ወደ ላይ ይሁን። ዕቃ ሲገፋው ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው።

ይበልጣል፦ አስተጣጠቡስ?

ስመኝ፦ በሳሙና ታጥቦ ይለቅለቅ። ከዚያ አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው ተራ በረኪና ጨምሮ፣ ዕቃውን ከነክዳኑ በደንብ ማዳረስና ማፍሰስ። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። ከጉዞ ስትመለሱም ክዳኑን ከፍታችሁ አድርቁት።

ይበልጣል፦ መንገድ ላይ ከምንጭ ከቀዳን ደግሞ ማፍላት ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ጮቄ ከፍታ ስለሆነ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ስመኝ፦ ጮቄ የምታድሩ ሰዎች፣ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልታችሁ ውጭ አታሳድሩት። ጅባራ የሚባለው ተክል ባለበት ከፍታ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ውሃ ሲበርድ ወደ በረዶ ከተለወጠ ይሰፋል፣ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። ትንሽ ቦታ ተዉለት፣ ወይም መኪና ውስጥ አስገቡት።

ይበልጣል፦ አንድ ነገር ልጨምር። "የታሸገ ውሃ በካርቶን ገዝቼ እሄዳለሁ" የሚል አለ። ለአንድ ቀን እሺ። ግን ባዶው ሃይላንድ የት ይገባል? መንገድ ዳር ልጆች "ሃይላንድ!" እያሉ ይሮጣሉ። ሰው በመስኮት ይወረውርላቸዋል፣ ልጁ አስፋልት ላይ ዘሎ ይገባል። ከኋላ የሚመጣው መኪና አያየውም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። መስጠት ከፈለጋችሁ ቁሙ፣ ዳር ያዙ፣ በእጃቸው ስጡ።

ስመኝ፦ ልክ ነህ። የቀረውን ባዶ ሁሉ ወደ ከተማ ይዛችሁ ተመለሱ።

ይበልጣል፦ እንግዲህ ነገ ከባሕር ዳር የሚነሳ አራት ሰው ምን ይግዛ?

ስመኝ፦ አራት አዲስ ባለ 10 ሊትር ለመጠጥ፣ እጀታቸው ላይ ቀይ ገመድ የታሰረ። አንድ የአንተን ባለ 20 ጀሪካን ለመጠባበቂያ፣ እሱም አዲስ ይሁን። አንድ ባለ 5 ደግሞ ለእጅ መታጠቢያ። ዛሬ ማታ አጥቦ ይሙላና ክዳናቸውን ዘግቶ አፋቸውን ወደ ታች ገልብጦ ያሳድራቸው። የሚያንጠባጥብ ካለ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ይቀይረዋል።