የእቴቴ ምጣድና የሲያትል አይጦች

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ያለሁት ደሴ ነው። የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ መስኮቱ አይገጥምም።

ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ፣ እቴቴ የምንላት፣ ባለፈው ሳምንት ደወለች። «ልጄ፣ ያ ያልከኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ» አለች። ምን እንዳልኳት ወዲያው ትዝ አለኝ። ቤቷ ቡና ስንጠጣ፣ ቶናው ላይ መሰለኝ፣ ስልኬ ላይ ያየሁትን ዘረገፍኩት። «የመብራት መስመር መግነጢሳዊ መስክ የአይጥ ዲኤንኤ ይበጥሳል» አልኩ። መስክ የሚባለው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በሽቦው ዙሪያ የሚፈጠረው የማግኔት ኃይል ነው። ከጓሮዋ ወዲያ ደግሞ ትልቁ የመብራት መስመር ያልፋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጅ ልጆቿን በዚያ በኩል ባለው ክፍል አታስተኛም። ሦስቱም ሳሎን ተደርድረው ይተኛሉ። በኔ አፍ።

ቁጭ ብዬ እንደገና አነበብኩ። በዚህኛው ግን ርዕሱ ላይ አላቆምኩም።

ወሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 «ሄንሪ ላይ» እና «ናሬንድራ ሲንግ» የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ አይጦችን ለ2 ሰዓት ከ100 እስከ 500 ማይክሮቴስላ (የመስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) በሚደርስ መስክ ውስጥ አቆዩ። ከዚያ የአንጎላቸውን ሕዋሳት ጄል ውስጥ አድርገው ኤሌክትሪክ ሰደዱበት። ዲኤንኤው ደህና ከሆነ ክብ እንደሆነ ይቀራል። ከተበጣጠሰ ፍርፋሪው ወደ አንድ ጎን ይጎተትና ጭራ ያወጣል፣ ልክ እንደ ጅራታም ኮከብ። ፎቶውን ሳይ ቆንጆ ነው ብዬ አፈርኩ። መስኩ ውስጥ የቆዩት አይጦች ላይ ስብራቱ በዝቶ ተገኘ። ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ሲሰጧቸው ደግሞ ጉዳቱ አልታየም።

እኔ ያነበብኩት እዚህ ድረስ ነበር።

ካናዳ ውስጥ ማክናሚ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እስከ 2000 ማይክሮቴስላ ወስደው ሞከሩት፤ በአይጦቹ አንጎል ላይ ጉዳት አላገኙም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በቀን ከ18 ሰዓት በላይ፣ ለ2 ዓመት ያህል፣ እስከ 1000 ማይክሮቴስላ ድረስ የተሞከረ አለ። ወንዶቹ አይጦች ታይሮይድ ላይ አጠራጣሪ ነገር ታየ እንጂ የአንጎል ዕጢም የደም ካንሰርም አልጨመረም። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን መስክ «ካንሰር ሊያስከትል ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ጋር መደበው። ያንንም ያደረገው በልጆች የደም ካንሰር ላይ በተሠሩ የሰው ጥናቶች ተመርኩዞ ነው፤ የእንስሳቱን ማስረጃ በቂ አይደለም ብሎታል።

«ይችል ይሆናል»። እኔ ደግሞ «ይበጥሳል» ብያታለሁ። በአንድ ግስ ሦስት ልጅ ሳሎን አስተኛሁ።

መልሼ ደወልኩና እንዲህ አልኳት፦ «እቴቴ፣ መስኩ ግድግዳ አያግደውም፣ ራቅ ስትዪ ግን ይደክማል። እንጀራ ስትጋግሪ እኮ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ ጎንበስ ትያለሽ። እዚያ ያለው ከመስመሩ ሊበልጥ ይችላል።»

አሁን ይህ ይባላል? ዝም አለች። ከዚያ «ምጣዱንም ልተወው?» አትልም!

«ኧረ እቴቴ! ጋግሪ። ቤት ውስጥ የተለመደው 0.1 ማይክሮቴስላ አካባቢ ነው። የሲያትሎቹ የመጀመሪያ ሙከራ ከዚያ በሺህ እጥፍ ይጀምራል። ሥራሽን ስትጨርሺ መስኩም ከማጥፊያው ጋር ይጠፋል።» ሲያትሎቹ በኋላ 10 ማይክሮቴስላ ላይም፣ አይጦቹን ለ24 ሰዓት አቆይተው፣ ስብራት አየን ማለታቸውንም ነገርኳት። መደበቅ አልፈለግኩም፤ አንዴ ግማሹን ነግሬ ያየሁትን አይቻለሁ።

«ታዲያ ያኔ ለምን ይህን ሁሉ አላልከኝም?»

«አላነበብኩትማ።»

«አብሽር» አለችኝ። ራሷ ተጨንቃ ከርማ እኔን ታጽናናለች።

ትናንት ደወልኩ። ሁለቱ ወንዶች ወደ ክፍላቸው ተመልሰዋል። ትንሿ ግን ሳሎኑን ለምዳዋለች፣ አልሄድም ብላለች።