ስክሪኑ ጠቆረ እንጂ ካርዱ አልተቃጠለም፦ የኤንቪዲያ ድራይቨር በኡቡንቱ

ሰላም ቤተሰብ! እንደምን ሰነበታችሁ?

ዛሬ የግራፊክስ ድራይቨር ነው። የኤንቪዲያ ካርድ፣ ማለትም ስክሪን ላይ የምናየውን ሥዕል የሚሠራው ዕቃ፣ ኡቡንቱ በሚባለው የሊነክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ። ሚንት የሚባለውን ሌላ ሊነክስ የምትጠቀሙም አትሂዱብኝ፤ አብዛኛው ያው ነው።

መጀመሪያ ይሄን ቪዲዮ ለምን እንደሠራሁት ልንገራችሁ። ባለፈው አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ልደታ አርክቴክቸር ትማራለች። ላፕቶፗ ላይ ኡቡንቱ አለ፣ ብሌንደር የሚባለው የ3ዲ ሥዕል መሥሪያ አለ፣ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። አንድ ቀን ኡቡንቱ "አፕዴት አለ" አላት። እሺ አለች። ሪስታርት አደረገች። ስክሪኑ ጨለመ። በቃ ጥቁር። ተሸክማው ወደ አንድ ጥገና ቤት ሄደች። "ካርዱ ተቃጥሏል" አሏት። የላፕቶፕ ካርድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ካርድ ቀይሪ ማለት ማዘርቦርድ ግዢ ማለት ነው። ፕሮጀክቷን ለማስረከብ የቀራት አንድ ሳምንት!

ካርዱ አልተቃጠለም ነበር። በስልክ ጥቂት ትዕዛዝ አስጻፍኳት፣ ተነሣ። ይሄ ነገር ያናድደኛል። የምሬን ነው፣ በጣም ያናድደኛል። ስክሪን ስለጠቆረ ብቻ ስንት ሰው ደህና ዕቃ ጥሏል? ስንት ሰው ፋይሉን ሳያወጣ ፎርማት አስደርጓል? እባካችሁ፣ ከመጣላችሁ በፊት ይሄን ቪዲዮ እዩት። ለጓደኛም ላኩት።

እሺ። ድራይቨር ምንድን ነው? ስሙን ሰምቶ ሁሉም ሰው የታክሲ ሹፌር ምሳሌ ያመጣል። እኔ አልወደውም። ሹፌር መኪናውን ራሱ ነው የሚነዳው። ድራይቨር እንደዚያ አይደለም። ድራይቨር አስተናጋጅ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ፒያሳ ማኪያቶ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በ2016 ፒያሳ ብዙ ሰፈር ፈርሶ ተነሥቷል። የጠዋቷ ማኪያቶ ግን አልተነሣችም፤ አራት ኪሎም ሂዱ፣ ሜክሲኮም ሂዱ፣ አለች። ማሽኑ ይንፏፏል። ሰው ቆሞ ይጠጣል። እናንተ ማሽኑን አትነኩም። አስተናጋጁ ይመጣል። "ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ" ትሉታላችሁ። ዞር ብሎ "አንድ ማኪያቶ ጠቆር ያለ!" ብሎ ይጮኻል። ትመጣለች። አረፋዋ፣ ከታች ቡናዋ፣ ሁሉ ነገር በቦታው።

አሁን ቦታ እንስጣቸው። እናንተ ፕሮግራሙ ናችሁ፦ ብሌንደር፣ ፋየርፎክስ፣ ጌም። የቡና ማሽኑ ግራፊክስ ካርዱ ነው። አስተናጋጁ ድራይቨሩ ነው። ካሸር ጋ ቁጭ ብለው ቤቱን በሙሉ የሚያስተዳድሩት እትዬ ደግሞ ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት ናቸው። እትዬ ከርነል! ሳያውቁት ማንም ወደ ባንኮኒው አይጠጋም።

እዚህ ቤት ሁለት አስተናጋጅ አለ። አንደኛው ኑቮ ይባላል። በፈረንሳይኛ "አዲስ" ማለት ነው። ኡቡንቱን ስትጭኑ አብሮ ይመጣል። ይሄን አስተናጋጅ ማሽኑን የሠራው ኩባንያ አላሠለጠነውም። ኤንቪዲያ ለብዙ ዓመታት ሰነዱን ለነፃ ሶፍትዌር ሰዎች አልሰጠም። በ2012 እ.ኤ.አ. የሊነክስ አባት ሊነስ ቶርቫልድስ ፊንላንድ ውስጥ መድረክ ላይ ሆኖ ኤንቪዲያን የተሳደበው ያለ ምክንያት አይደለም። የኑቮ ልጆች ታዲያ ምን አደረጉ? ቆመው አዩ። ይሄ ሲነካ ምን ይሆናል፣ ያ ሲዞር ምን ይሆናል እያሉ ካርዱን በራሳቸው ፈቱት። በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራቸው ከርነሉ ውስጥ ገባ። ለነዚህ ሰዎች ያለኝን አክብሮት ቃል አይገልጸውም።

ግን ችግር አለ። ከጂቲኤክስ 900 ተከታታይ እስከ 10 ተከታታይ (1050፣ 1060 የመሳሰሉት) ባሉት ካርዶች ላይ፣ ፍጥነቱን ከፍ ለማድረግ የኤንቪዲያ ፊርማ ያለበት ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ኑቮ ያ የለውም። እንፋሎቱን ከፍ የማድረጊያው ቁልፍ አልተሰጠውም በሉት። ማኪያቶዋ ትመጣለች፣ ግን ለብ ያለች ናት። ኩዳን፣ ማለትም ፕሮግራሞች ካርዱን ለከባድ ስሌት የሚጠቀሙበትን የኤንቪዲያ መንገድ፣ ደግሞ ጭራሽ አያውቀውም። ብሌንደር በኑቮ ሲሠራ ካርዳችሁን የማያየው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አስተናጋጅ ኤንቪዲያ ራሱ ያሠለጠነው ነው። እሱን ነው ዛሬ የምንቀጥረው። ሁለቱ ግን አንድ ማሽን ላይ አብረው አይቆሙም። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ኤኤምዲ ወይም ኢንቴል ብቻ ያላችሁ? ምንም አትጫኑ። አስተናጋጃችሁ የእትዬ ልጅ ነው፤ ከርነሉ ውስጥ ነው ያደገው። አፕዴት ብቻ አድርጉ።

አሁን ወደ ሥራ። ቶሎ ቶሎ ነው የምሄደው፣ ተርሚናል፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ እንዴት እንደሚከፈት ታውቃላችሁ።

[ስክሪን ላይ፦ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ዲቫይስስ]

ይሄን ጻፉ። ካርዳችሁን ያሳያችኋል፣ የሚስማሙትን ድራይቨሮች ይዘረዝራል፣ አንዱ ጎን "ሪኮመንድድ" ይላል።

[ስክሪን ላይ፦ ሱዶ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ኢንስቶል]

ይሄ የተመከረውን ይጭናል። ኑቮንም ራሱ ከመንገድ ያነሣዋል። ሪስታርት። ከዚያ "ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ" ብላችሁ ጻፉ። የካርዳችሁ ስም ያለበት ሠንጠረዥ ከመጣ ተገላገላችሁ።

ዝርዝሩ ውስጥ መጨረሻው ላይ "ኦፕን" የሚል ታያላችሁ። ኤንቪዲያ በ2022 እ.ኤ.አ. የከርነሉን ክፍል ኮድ ክፍት አደረገ፤ እሱ ነው። ከጂቲኤክስ 16 እና ከአርቲኤክስ 20 ወዲህ ላሉት ካርዶች ይሆናል። አርቲኤክስ 50 ያላችሁ ደግሞ ምርጫ የላችሁም፣ ኦፕን ብቻ ነው። ጂቲኤክስ 1050፣ 1060 ያላችሁ ግን ኦፕን የሚለውን አትንኩ። እኛ አገር ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ እነዚህን ካርዶች ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ ልብ በሉ።

በመሐል፦ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ቤተሰብ ሁኑ፣ ደወሏንም ንኩ። በአማርኛ የሊነክስ ትምህርት እንዲበዛ ከፈለጋችሁ ትልቁ እገዛ እሱ ነው።

እሺ፣ አሁን ኮሜንት ላይ ደጋግማችሁ የጻፋችሁት። "ለምን ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለህ? ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አውርዶ መጫን ነው እንጂ።" ይሄን አሥር ጊዜ አነበብኩት። ላልፈው ነበር፣ ግን አላልፈውም። የልደታዋ ልጅ ስክሪን የጠቆረው በዚህ ምክንያት ነው!

ከዊንዶውስ ስለመጣን ነው እንዲህ የምናስበው። ዊንዶውስ ላይ ትክክል ነው፤ ድረ ገጹ ላይ ትሄዳለህ፣ ታወርዳለህ፣ ትጭናለህ። ሊነክስ ላይም ያ ፋይል አለ፣ መጨረሻው "ራን" የሚል ነው። ይሠራልም። መጀመሪያ ቀን ይሠራል። ችግሩ ቤቱ አያውቀውም። ወደ ማኪያቶ ቤቱ እንመለስ። በኡቡንቱ በኩል የመጣው ድራይቨር የቤቱ ሠራተኛ ነው። መዝገብ ላይ አለ። ከውጭ ያመጣችሁት ግን የቀን ሠራተኛ ነው። አንድ ሌሊት እትዬ ቤቱን አሳደሱት፤ ባንኮኒው ወደ ግራ ዞረ። የከርነል አፕዴት ማለት እሱ ነው። የቤቱ ሠራተኛ ተነግሮታል፣ ጠዋት አዲሱ ቦታ ላይ ቆሟል። የቀን ሠራተኛው ግን ማን ይንገረው? በጨለማ ገብቶ ድሮ ባንኮኒው የነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ ይጮኻል። ማንም አይሰማውም።

"ዲኬኤምኤስ አለ እኮ" የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ሲጫን ዲኬኤምኤስን ከመረጣችሁ፣ ከርነሉ ሲቀየር ድራይቨሩ እንደገና ይገነባል። ግን ስንቶቻችን እናነበዋለን? ልጅቷ "ኖ" ብላ ነው ያለፈችው። ኑቮ ቀድሞ ከቤት ወጥቷል፣ ታግዷል። ከድረ ገጹ የወረደው ድራይቨር ደግሞ አዲሱን ከርነል አያውቅም። በዚያ ላይ ጫኙ "ኤክስኦርግ ኮንፍ" የሚባል የስክሪን ማስተካከያ ፋይል ጽፎላታል። ፋይሉ "ከኤንቪዲያ ሌላ ማንንም አትጠቀም" ይላል። ላፕቶፑ የኢንቴል ካርድም እያለው ሊጠቀምበት አልቻለም። ስክሪኑ የጠቆረው ለዚህ ነው። የተቃጠለ ነገር የለም።

እና ያ ፋይል! ድሮ በእጃችን እንጽፈው ነበር። ዛሬ ግን ለተራ አንድ ስክሪን ምንም አያስፈልግም፣ ሲስተሙ ራሱ ያገኘዋል። የቆየ መመሪያ አይታችሁ የጻፋችሁት ካለ፣ ኢቲሲ ውስጥ ኤክስ11 የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው። ስሙን ቀይራችሁ ወደ ጎን አድርጉት።

ስክሪኑ ቢጠቁርባችሁስ? ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ3 አንድ ላይ ንኩ። ጽሑፍ ብቻ ያለው መግቢያ ይመጣል። ስማችሁን፣ ፓስዎርዳችሁን። እሱ ካልመጣ፣ ስታበሩት ኢስኬፕን ወይም ሺፍትን ነካክታችሁ ግራብ የሚባለው የማስነሻ ገጽ ላይ ቁሙ፣ "ኢ" ን ንኩ፣ "ኳየት ስፕላሽ" ከሚለው ቀጥሎ "ኖሞድሴት" ጨምሩ፣ ኤፍ10። ለዚያች ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው፣ አትፍሩ። ከገባችሁ በኋላ፣ በራን ፋይሉ የጫናችሁ ከሆነ "ሱዶ ኤንቪዲያ-አንኢንስቶል"። ከዚያ የቅድሙን የኡቡንቱ ትዕዛዝ። ልጅቷን ያስጻፍኳት ይሄንኑ ነው።

አንድ ሰማያዊ ስክሪን ደግሞ አለ። ሰኩር ቡት፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚፈትሸው መቆጣጠሪያ፣ በሩ ላይ የቆሙት ጋሼ ዘበኛ ናቸው። ፊርማ የሌለውን አያስገቡም። ኡቡንቱ ቀድሞ የፈረመው ድራይቨር ከሆነ ዝም ብሎ ያልፋል። እናንተው ኮምፒውተር ላይ የተገነባ ከሆነ ግን ሲጫን ፓስዎርድ አውጡ ይላችኋል። ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊው ይመጣል። 10 ሰከንድ ነው የሚጠብቃችሁ! ቁልፍ ንኩ፣ "ኢንሮል ሞክ"፣ "ኮንቲኒው"፣ "የስ"፣ ያንኑ ፓስዎርድ። ዝም ካላችሁት ጋሼ ሰውየውን በር ላይ ያስቀሩታል፣ ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይም "ድራይቨሩን ላገኘው አልቻልኩም" ይላል።

መብራት። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ ጭነቱ መሐል ላይ ቢጠፋባችሁ አትደንግጡ። ሲመጣ "ሱዶ ዲፒኬጂ ኮንፊገር"፣ ከኮንፊገር በፊት ሁለት ሰረዝ፣ መጨረሻው ላይ ሰረዝ "ኤ"። ካቆመበት ይቀጥላል። ዳታ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል፤ በስልክ የምታገናኙ የሌሊት ጥቅል ግዙ።

በመጨረሻ ብሌንደር። ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ ሲስተም። ኩዳ የሚለውን ምረጡ፣ አርቲኤክስ ያላችሁ ኦፕቲክስን። የካርዳችሁ ስም ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሬንደር ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ፣ ሳይክልስ በሚባለው የብሌንደር ሬንደር መሥሪያ ላይ ሆናችሁ፣ ዲቫይስ የሚለውን ከሲፒዩ ወደ ጂፒዩ ኮምፒዩት ቀይሩ። ይቺን እንዳትረሱ። ልጅቷ ማታ 4 ሰዓት ላይ "አሁንም ቀርፋፋ ነው" ብላ እንደገና የደወለችልኝ እሷን ስላልነካች ነው።