የወደቀበት ቦታና የታመመበት ቦታ

ጤና ይስጥልኝ! እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ቃል ላወራችሁ ነው። ቃሉን ለመቀየር ጥቂት ሰከንድ በቂ ነበር። እስካገኘው ድረስ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ነገሩ የሊነክስ ከርነል፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ፣ የኔትወርክ ካርዱን በሚያሠራው ኮድ፣ በድራይቨሩ ላይ ነው። የምንከታተለው አንድ ሰርቨር በየጥቂት ቀኑ ድርቅ ብሎ ይቀራል። የሚወድቀው ደግሞ ሥራ ሲበዛበት ነው። ሎጉን ስንከፍት ምንም የለም፤ ከርነሉ የመጨረሻ ቃሉን ዲስክ ላይ ሳያሰፍር ነው የሚሞተው። አንድ ሌሊት ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። የታችኛው መስመር፣ ኢንተራፕት ውስጥ ገዳይ ስህተት ደርሷል ይላል። ኢንተራፕት ማለት እንደ ኔትወርክ ካርድ ያለ ዕቃ ሲጣራ ከርነሉ የያዘውን ትቶ የሚሠራው ሥራ ነው።

እዚች ጋ ትንሽ ልቆይ። ከርነል ውስጥ ስህተት በተፈጠረ ቁጥር ማሽኑ አይቆምም። ከርነሉ የአንድን ፕሮግራም ጉዳይ እየፈጸመ ሳለ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ያንን ፕሮግራም ገድሎ ይቀጥላል። ፓኬት፣ ማለትም በኔትወርክ የሚላክ ቁራጭ ዳታ፣ ሲመጣ ግን አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ኢንተራፕት ውስጥ ነው። እዚያ ተጠያቂ የሚሆን ፕሮግራም የለም። የሚገደል ሲጠፋ ከርነሉ ራሱ ይቆማል። የኔትወርክ ኮድ ስህተት ሙሉ ማሽን ይዞ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ስህተቱ የታየው ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት ኮድ ላይ ነው፤ ባዶ ፖይንተር፣ ማለትም የትም የማያደርስ የሚሞሪ አድራሻ። እኔም «ፖይንተሩ ባዶ ከሆነ እለፈው» የምትል መስመር ጨመርኩ። አራት ቀን ሰላም ሆነ። በአምስተኛው ቀን እንደገና ወደቀ፤ አሁን ሌላ ፋይል፣ ሌላ ፈንክሽን ውስጥ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ያቺ መስመር በሽታውን ነበር የደበቀችው።

ከዚያ በኋላ ነው በትክክል መፈለግ የጀመርኩት። ሊነክስ ላይ የተለቀቀ፣ ማለትም ሥራው አልቆ የተመለሰ ሚሞሪ በ6ቢ (6b) ባይት እንዲሞላ ማዘዝ ይቻላል። አብርቼው ጠበቅኩ። በቀጣዩ ውድቀት አድራሻው ላይ 6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ የሚል ተደርድሮ አየሁ። ይህን ቁጥር አትርሱት። አንድ ኮድ ከተለቀቀ ሚሞሪ ላይ እያነበበ ነው ማለት ነው። ማነው የለቀቀው? ለዚህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ያለው ኬሳን የሚባል የሚሞሪ ስህተት መፈለጊያ አለ። ማሽኑን ያዘገየዋል፤ ግን ሦስት ነገር ይነግራችኋል። ሚሞሪውን ማን ወሰደ፣ ማን ለቀቀ፣ ከተለቀቀ በኋላ ማን ነካ።

የለቀቀው ድራይቨሩ ነበር። ድራይቨሩ ፓኬት ከመላኩ በፊት ካርዱ ሚሞሪውን በቀጥታ እንዲያነብ አድራሻ ያዘጋጅለታል። ሥራ ሲበዛ ይህ ዝግጅት አልፎ አልፎ ይከሽፋል። ሲከሽፍ ድራይቨሩ ፓኬቱን ይጥልና ሚሞሪውን ይለቃል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ቀጥሎ ግን ለጠራው ኮድ «ቢዚ» ብሎ ይመልሳል። «ቢዚ» ማለት፣ ፓኬቱን አልነካሁትም፣ መልሰህ ወረፋ አስይዘው ማለት ነው። ከርነሉ አመነው። የሌለውን ፓኬት ወረፋ ላይ አስቀመጠ። ያ ሚሞሪ ለሌላ ሥራ ተሰጥቶ ስለነበር፣ ቀጥሎ የነካው ኮድ ያገኘው የሌላ ሰው ዳታ ነው። አንድ ጊዜ ባዶ፣ አንድ ጊዜ ቆሻሻ። ውድቀቱ ቦታ ይቀያይር የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው «ቢዚ»ን በ«ኦኬ» መተካት ነበር። ድራይቨሩ ከጣለው፣ ጉዳዩ አልቋል ይበል።

የወደቀበትና የታመመበት ቦታ እንዲህ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ይፋ የሆነውን፣ ሳክ ፓኒክ የተባለውን የሊነክስ ከርነል ችግርም በዚህ ዓይን እዩት። የኔትፍሊክሱ ጆናታን ሉኒ ነው ያገኘው። ሊነክስ የሚላክ ዳታን እስከ 17 ቁራጭ አድርጎ በአንድ መያዣ ያስቀምጣል፤ በተለመደው ኢንቴል ማሽን ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ እስከ 32 ኪሎባይት ነው። ከወዲያ ማዶ ያለው ተንኮለኛ፣ በአንድ ፓኬት 8 ባይት ብቻ ላክልኝ ማለት ይችላል። አስሉት፤ 69,632 ፓኬት ይወጣል። የፓኬቶቹ ብዛት የሚጻፍበት ቦታ ግን 16 ቢት ነው፤ ከ65,535 በላይ አይቆጥርም። ከርነሉ መያዣዎችን ሲያዋህድ ቆጣሪው ሞልቶ ከፈሰሰ፣ አንድ የጥበቃ መስመር «ቁጥሩ አይገጥምም» ብላ ከርነሉን ታቆመዋለች። ችግሩ ከከርነል ቅጂ 2.6.29 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ኖሯል። ያቺን የጥበቃ መስመር ማጥፋት ቀላል ነበር። ጥገናው ግን ወደ ኋላ ሄዶ፣ ዳታዎቹ ሳይዋሃዱ በፊት ቁጥሩ ይሞላ እንደሆነ ማየት ጀመረ። እኔ ይህን ፓች ሳነብ በጣም ነው ደስ የሚለኝ።

የኔን ፓች ከመላኬ በፊት አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። በየጥቂት ቀኑ የሚመጣን ስህተት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ማረጋገጫ አይሆንም። ስለዚህ ያ የአድራሻ ዝግጅት ከመቶ አንዴ እንዲከሽፍ ሆን ብዬ አደረግኩ። የድሮው ድራይቨር ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ወደቀ። አዲሱ ሌሊቱን ሙሉ ፓኬት እየጣለም እየላከም አነጋ። ጠዋት ላይ ያቺን የመጀመሪያ የባዶ ፖይንተር መስመሬን አጠፋኋት። ፓቹንም ላክሁት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።