የእንጨት ምድጃን በደኅንነትና በቁጠባ ስለ መጠቀም፦ ለአድማጮች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ክፍለ ጊዜ በስልክ የደረሱን ጥያቄዎች የሚመለከቱት በር ያለውን፣ ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ የሚያስወጣውንና ቤት ለማሞቅ የሚያገለግለውን የብረት ምድጃ ነው። ጥያቄዎቹን ያስቀመጥኋቸው በደረሱበት ተራ ሳይሆን አንዱ መልስ ለሌላው መንገድ በሚጠርግበት አኳኋን ነው። ስለ ማገዶ ቁጠባ የጠየቁትም ሆኑ ስለ ደኅንነት የጠየቁት አድማጮች የጠየቁት በመሠረቱ ስለ አንድ ነገር ነውና፤ ይኸውም እሳቱ ከእንጨቱ የሚወጣውን ጋዝ አሟጦ ማንደዱንና አለማንደዱን ነው።

ጥያቄ፦ «ምድጃችን ብዙ ማገዶ ይፈጃል፤ ቤቱን ግን በሚገባ አያሞቅም። የበሩ መስተዋትም በአንድ ቀን ውስጥ ይጠቁራል። ምድጃውን መለወጥ አለብን?»

መልስ፦ ምድጃውን ከመለወጥዎ በፊት ማገዶውን ይመርምሩ። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። 1 ኪሎ ግራም ውኃ ፈልቶ እንዲተን 2.26 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህ ሙቀት ወደ ክፍሉ ሳይደርስ ከእንፋሎቱ ጋር በጭስ ማውጫው ወጥቶ ይጠፋል። የእርጥበት መጠኑ 20 በመቶ የሆነ 1 ኪሎ ግራም እንጨት 14 ሜጋ ጁል ገደማ ሲሰጥ፣ ግማሹ ውኃ የሆነው ግን 8 ሜጋ ጁል ገደማ ብቻ ይሰጣል። በእርግጥ ከዚህ የሚብስ ጉዳት አለው፤ ውኃው የእሳቱን ክፍል ስለሚያቀዘቅዘው ሊነድ ይችል የነበረው ጋዝ ሳይነድ ያመልጣል።

ይህ ጋዝ ከየት እንደሚመጣ መረዳት ለቀሩት መልሶች ሁሉ መሠረት ስለሆነ ጥቂት ላብራራው። እንጨት ሲሞቅ አስቀድሞ እርጥበቱ ይተናል፤ ሙቀቱ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እንጨቱ ራሱ መፈራረስ ይጀምርና ተቀጣጣይ ጋዞችን ይለቃል፤ እነዚህ ጋዞች ከአየር ጋር ተቀላቅለው 600 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሲያገኙ በነበልባል ይነዳሉ፤ በመጨረሻም የሚቀረው ፍም ቀስ እያለ ይነድዳል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚወጣው በጋዝ መልክ ሲሆን፣ እንጨቱ ከሚሰጠው ኃይልም ከግማሽ በላዩ የሚገኘው ከዚሁ ጋዝ ነው። እንግዲህ ከጭስ ማውጫዎ የሚወጣው ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጭስ ገንዘብ ወይም ጉልበት አውጥተው ያመጡት ነገር ግን ያልነደደ ማገዶ ነው። መስተዋቱ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ነገርም እንደዚሁ ነው።

እንጨቱ መድረቁን ለማረጋገጥ ሁለት ሹል ጫፍ ያለው የእርጥበት መለኪያ ይጠቀሙ። ይሁን እንጂ ውጫዊው ገጽ ሁልጊዜ ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያሳስታል፤ ጉማጁን ሰንጥቀው አዲስ በተከፈተው ፊት መካከል ላይ ይለኩ። ንባቡ ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ እንጨቱ ለምድጃ አልደረሰም። መለኪያ ከሌለዎ ጫፉ መሰነጣጠቁን፣ ልጡ በቀላሉ መላቀቁን፣ ሁለት ፍልጦች ሲጋጩም ድምፃቸው የታፈነ ሳይሆን ጥርት ያለ መሆኑን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ «እንጨቱን ዙሪያውን በላስቲክ ሸፍኜ 6 ወር አስቀምጬው ነበር፤ አሁንም ይጨሳል። ምን አጎደልሁ?»

መልስ፦ ነፋስ ነው የጎደለው። ዙሪያው በላስቲክ የታሸገ ክምር ከእንጨቱ የሚወጣውን እርጥበት መልሶ በውስጡ ያስቀረዋል። ክምሩን ከመሬት ከፍ አድርገው በአግዳሚ ላይ ይደርድሩት፤ ከዝናብ እንዲጠበቅ አናቱን ብቻ ሸፍነው ጎኖቹን ለነፋስ ክፍት ይተዉአቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ይፍለጡት፤ ልጥ እርጥበት እንዳይወጣ ስለሚከለክል ያልተፈለጠ ግንድ ለዓመታት ተቀምጦም ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍልጥ ለማድረቅም ለማንደድም ይመቻል። ቀላል እንጨቶች በ6 ወር ሊደርቁ ይችላሉ፤ ከባድና ጥቅጥቅ ያሉት ግን አንድ ዓመት፣ አንዳንዶቹም ሁለት ዓመት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የዘንድሮውን ሳይሆን የሚመጣውን ዓመት ማገዶ ዛሬ መፍለጥ ያስፈልጋል። እንዲደርቅ ብለው ፍልጡን ከጋለ ምድጃ ጎን መደርደር ግን የእሳት አደጋ ስለሚያስከትል ፈጽሞ አይገባም።

ጥያቄ፦ «እሳት ስናያይዝ ጭሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይተዋል። ምክንያቱ ምንድን ነው?»

መልስ፦ ጭስ ወደ ላይ የሚሳበው በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ጋዝ ከውጭው አየር ይልቅ ሞቃትና ቀላል ሲሆን ነው። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ቧንቧው በከባድ ቀዝቃዛ አየር ይሞላል፤ አዲሱ ጭስ ይህን አየር ገፍቶ መውጣት ሲያቅተው ወደ ክፍሉ ይመለሳል። መፍትሔው ቧንቧውን አስቀድሞ ማሞቅ ነው፤ ለዚህም እሳቱን ከላይ ማያያዝ ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው። ወፍራሞቹን ፍልጦች ከታች፣ ቀጫጭኖቹን በላያቸው፣ ጭራሮውንና ማቀጣጠያውን ደግሞ ከሁሉ በላይ አድርገው ከአናቱ ይለኩሱት። ነበልባሉ ወዲያውኑ ቧንቧውን ያሞቀዋል፤ ከታች ካለው እንጨት የሚወጣው ጋዝም በነበልባሉ መካከል ማለፍ ግድ ስለሚሆንበት ይነድዳል። ከታች መለኮስ የለመዱ ሰዎች ይህን ሲሰሙ እንደማይሆን ይቆጥሩታል፤ አንድ ጊዜ እንዲሞክሩት ግን አጥብቄ እመክራለሁ። የአየር መግቢያውን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ይጀምሩ፤ እሳቱ በደንብ ከተያያዘ በኋላ ደግሞ ነበልባሉ ሳይጠወልግ ቀስ በቀስ ይቀንሱት።

ክፍሉ ውስጥ ወይም አጠገብ አየር የሚስብ ማራገቢያ ካለ ያጥፉት፤ ማራገቢያው ከጭስ ማውጫው የበረታ እንደሆነ ጭሱን ወደ ቤት ይጎትተዋል። ችግሩ ሲያያዝ ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ የሚከሰት ከሆነ ግን የጭስ ማውጫው መዘጋት ወይም ማጠር ሊሆን ይችላል። በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ጭስ ማውጫው ጣሪያውን ከሚበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ማንኛውም የጣሪያ ክፍልም ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ «ማታ ስንተኛ ምድጃውን በእንጨት ሞልተን የአየር መግቢያውን እንዘጋዋለን፤ ተዳፍኖ ያድርና ጠዋት ፍሙ ይጠብቀናል። ማገዶ የቆጠብን ይመስለናል፤ ትክክል ነው?»

መልስ፦ አይደለም፤ ይህ ልማድ እንዲቀር ከልቤ እፈልጋለሁ። አየር የተነፈገው እንጨት በአንድ በኩል ጋዝ መልቀቁን ይቀጥላል፤ በሌላ በኩል ግን ጋዙ የሚነድበት ኦክስጅንም ሙቀትም አያገኝም። ሌሊቱን በሙሉ የሚወጣው ያልነደደ ማገዶ ነው፤ ጠዋት ፍም ማግኘታችሁ ከጠፋው ኃይል ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ጉዳቱ በብክነት ብቻ አያበቃም። ጭሱ በቧንቧው ሲያልፍ ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ገደማ በታች ከወረደ በውስጡ ያለው እንፋሎትና ቅጥራን መሰል ነገር በቧንቧው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ክሪዮሶት የሚባለው ይህ ጥቀርሻ በመጀመሪያ እንደ ዱቄት የሚራገፍ ነው፤ እየተደራረበ ሲሄድ ግን ይጠጥራል፣ በመጨረሻም እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ፣ በተራ ብሩሽ የማይነሣ ሽፋን ይሆናል። ክሪዮሶት ራሱ ማገዶ ነው። አንድ ቀን ብርቱ እሳት ሲነድ ነበልባል ወይም ፍንጣሪ ቢደርስበት በቧንቧው ውስጥ ይቀጣጠላል፤ የዚህ እሳት ሙቀት ከ1000 ዲግሪ ሊያልፍ፣ ቧንቧውን ሊሰነጥቅና ወደ ጣሪያው እንጨት ሊሻገር ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ታፍኖ የሚነድ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝ በብዛት ያመነጫል፤ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ በተኙበት ሰዓት ነው ይህ የሚሆነው። የውጭውንም አየር አንርሳ። ከእንጨት ጭስ ውስጥ አብዛኞቹ ቅንጣቶች ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ ሲሆን ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የእነዚህ ቅንጣቶች ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ሌሊቱን ሲጨስ የሚያድር አንድ ምድጃ የጎረቤትን ሕፃን መኝታ ክፍል ይበክላል።

ከመተኛታችሁ አንድ ሁለት ሰዓት አስቀድማችሁ የመጨረሻውን ደረቅ ፍልጥ ጨምሩ፤ በበቂ አየርና በደማቅ ነበልባል ይንደድ፤ ፍም ብቻ ሲቀር አየሩን መቀነስ ይቻላል። የምድጃው ብረትና የቤቱ ግድግዳ የያዙት ሙቀት ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በላይ ሙቀት የሚያስፈልግ ከሆነ ጉድለቱ የሚሞላው ቤቱን ከነፋስ ማስገቢያ ስንጥቆች በመድፈን እንጂ ምድጃውን በማፈን አይደለም። ሌሊቱን በዝግታ እንዲነዱ ታስበው የተሠሩ ምድጃዎች አሉ፤ የእናንተ ከእነርሱ አንዱ ከሆነ የአምራቹን መመሪያ ተከተሉ።

ጥያቄ፦ «ልጆቼ በሚተኙበት ክፍል ምድጃ አለ። መስኮቱን ገርበብ ካደረግሁት ካርቦን ሞኖክሳይድ አያሰጋቸውም?»

መልስ፦ እመቤቴ፣ ገርበብ ያለ መስኮት ይረዳል እንጂ ዋስትና አይሆንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ጥቂቱም ለረጅም ሰዓት ሲተነፈስ ይጎዳል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ራሱን ሊስትና ሊሞት ይችላል። በምድጃው ክፍልና በመኝታ ክፍሎች አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይትከሉ፤ በየጊዜውም እየተጫኑ መሥራቱን ያረጋግጡ። የጭስ ማስጠንቀቂያ ይህን ጋዝ ስለማይለይ ምትክ ሊሆን አይችልም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ቤት ውስጥ ያሉትን ሰዎች በአንድነት ከያዛቸው፣ በተለይም ወደ ውጭ ሲወጡ የሚሻላቸው ከሆነ፣ ጉንፋን ነው ብለው አይለፉት፤ ሁሉንም ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር አውጥተው የሕክምና እርዳታ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ «የተቀባ ጣውላና የቤት ቆሻሻ ብናነድበት ምን ይሆናል?»

መልስ፦ አታንድዱ። ቀለም የተቀባ፣ በኬሚካል የተነከረ ወይም በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ጣውላ መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ አንዳንዱ የተነከረ ጣውላ አርሴኒክ ስላለበት አመዱም መርዝ ነው። ፕላስቲክም ከቶ ወደ ምድጃ አይገባም። በባሕር ውኃ የነፈረ እንጨት ደግሞ ጨው ስላለው የምድጃውን ብረት ይበላዋል።

ጥያቄ፦ «ምድጃው ከእንጨት ግድግዳ ምን ያህል ይራቅ? አመዱንስ መቼ እንጥረግ?»

መልስ፦ አምራቹ የወሰነው ርቀት ከሌለ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሚቀጣጠል ነገር ሁሉ ይራቅ፤ መጋረጃ፣ ወንበርና የልብስ ማድረቂያም በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ግድግዳው ለዓመታት ምንም አልሆነም ብላችሁ አትተማመኑ፤ በሙቀት ለረጅም ጊዜ የተመታ እንጨት ጠባዩ ስለሚለወጥ ከአዲስ እንጨት ባነሰ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ከምድጃው በታችና ከበሩ ፊት ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለው ወለል የማይቃጠል መሆን አለበት።

አመዱን በተመለከተ፣ እንጨት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው አመድ ላይ ሲነድ ፍሙ ሙቀቱን ስለሚይዝ ሁሉንም ጠርጎ ማውጣት አያስፈልግም። የሚወጣው አመድ ግን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ተደርጎ፣ ከቤት ውጭ፣ ከግድግዳና ከእንጨት ወለል ርቆ ይቀመጥ። በአመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም ለቀናት ሳይጠፋ ሊቆይ ስለሚችል በካርቶን ወይም በላስቲክ ባልዲ የተቀመጠ አመድ ቤት ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ «በጭስ ማውጫው ውስጥ እሳት መነሣቱን እንዴት እናውቃለን? ምንስ እናድርግ?»

መልስ፦ ከቧንቧው ብርቱ የማጉረምረም ድምፅ ይሰማል፤ ቧንቧው ሊንቀጠቀጥ ወይም ሊቀላ፣ ከአናቱም ነበልባልና ፍንጣሪ ሊወጣ ይችላል። በሩንና የአየር መግቢያዎቹን ሁሉ ይዝጉ፤ ቤተሰቡን በሙሉ ወደ ውጭ ያውጡ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ይጥሩ። ይህ አየር መዝጋት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ ነው፤ እሳቱን የሚያሳድገው ከታች የሚሳበው አየር ነውና። በጋለ ምድጃ ላይ ውኃ አይድፉ፤ ብረቱ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ፣ እንፋሎቱም ሊያቃጥልዎ ይችላል። ጣሪያ ላይ ወጥተው ለማጥፋትም አይሞክሩ። እሳቱ በራሱ ቢጠፋም ባለሙያ ቧንቧውን ከውስጥ መርምሮ ስንጥቅ እንደሌለው ሳያረጋግጥ ምድጃውን ዳግም አያያይዙ፤ ከዚያ በኋላም ጭስ ማውጫውን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ያስመርምሩ፤ በብዛት የሚያነዱ ከሆነ በመካከሉም ይጨምሩ።